ከአዳማ እስከ ላንጋኖ በብስክሌት፦ በአሮጌው መንገድ የሦስት ቀን ጉዞ መመሪያ

በአገራችን ብስክሌት ይዞ ረጅም መንገድ ልውጣ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስፈራው ዳገቱ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት፤ ወደ ደሴ የሚሄድም ጣርማ በርን ይጋፈጣል። የስምጥ ሸለቆው ወለል ግን ሌላ ነው። ከሞጆ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ላንጋኖ የሚወርደው መንገድ አብዛኛው ሜዳ ነው። ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር አካባቢ ብዙም አይርቅም። ሐይቅ ከሐይቅ፣ ከተማ ከከተማ እየተቀባበለ ስለሚሄድ ለጀማሪ ብስክሌተኛ የተመቸ ነው።

በእንግሊዝ አገር ብስክሌት የገጠሩን መልክ ማያ ሆኖ የኖረው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። የብስክሌት ተጓዦች ማኅበራቸው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። ዛሬ በቁጥርና በምልክት የተያያዙ ጸጥተኛ መንገዶችን ይዞ ከመንደር መንደር መሄድ ይቻላል፤ ከእነዚህ መንገዶች አንዳንዶቹ ባቡር የተወው የሐዲድ መስመር ናቸው። ለዚህ ያበቃቸው የመሬቱ ልስላሴ ብቻ አይደለም። ፈጣኑ መኪና የራሱን አውራ ጎዳና ሲያገኝ አሮጌዎቹ መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተረፉ።

በእኛም ሸለቆ ይኸው ዕድል እየተከፈተ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት ጀመረ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሠራው የፍጥነት መንገድም እስከ ባቱ ያለው ክፍል ተከፍቷል። በፍጥነት መንገዶቹ ላይ ብስክሌት አይገባም፤ መግባትም የለበትም። በከተሞቹ መሐል የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ግን ከቀድሞው ረገብ ብሏል። ይህ መመሪያ የሚያስጉዝዎት በእሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዙ። በዚህ መስመር የሚፈትንዎት ዳገት ሳይሆን ሙቀት፣ ነፋስና ከባድ መኪና ነው። ሦስቱም በማለዳ ደካማ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ማለዳን ለመጠቀም የተሰናዳ ነው።

1. ወቅቱን ይምረጡ

ከሁሉ የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ይጠራል፤ ማለዳው ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርም የጤፉ አጨዳ ሜዳውን ሁሉ ሕይወት ይዘራበታል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይጠነክራል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የመንገዱ ዳር ይጨቀያል፤ ጎርፍ አሸዋና ጠጠር አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ይተዋል።

በዓላቱንም ያስቡ። ኢሬቻ በቢሾፍቱ የሚከበርበት ቅዳሜና እሑድ የቢሾፍቱ፣ የሞጆና የአዳማ መስመር በሕዝብና በመኪና ይሞላል። ለታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚጓዘው ምእመንም በአዳማ በኩል ስለሚያልፍ በእነዚያ ቀናት መንገዱ ይጨናነቃል። ጉዞዎን ከእነዚህ ቀናት አንድ ሳምንት ያርቁት።

የጸጥታው ነገር ከወቅት በላይ ነው። ከመነሣትዎ በፊት በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች፣ በሚያድሩበት ከተማ ካሉ ወዳጅ ዘመዶችና ከፖሊስ ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ። ከእያንዳንዱ ከተማ ሲወጡም ስለሚቀጥለው ደግመው ይጠይቁ። “ዛሬ ቆይ” ከተባሉ ይቆዩ። ከጨለመ በኋላ በፍጹም አይንዱ።

2. ብስክሌቱን ያዘጋጁ

ለዚህ መንገድ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ማርሽ ያለው፣ ጎማው መካከለኛ ስፋት ያለውና ከኋላ ፖርቶ መጋላ የሚታሰርበት ማንኛውም ደህና ብስክሌት ይበቃል። የእሽቅድምድም ብስክሌት ቀጭን ጎማ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያስቸግራል፤ የሐይቆቹ መግቢያዎችም ኮረኮንችና አሸዋ ናቸው።

ከመነሣትዎ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው አዳማ ላይ ለብስክሌት ጠጋኝ ያሳዩት። እንዲህ ብለው በዝርዝር ያስፈትሹ፦

ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም ይያዝ፤ ጎማዎቹ ያለቁ ከሆኑ ይቀየሩ። ቸርኬው ሲሽከረከር እንዳይወላገድ ራጂዎቹ ይጥበቁ። የፔዳሉና የእግሮቹ ኩሽኔታ ግራሶ ይቀባ። ሰንሰለቱ ተጠርጎ ዘይት ይጠጣ። ኮርቻው ደግሞ በቁመትዎ ልክ ይስተካከል፤ ተረከዝዎ ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበትዎ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ልኩ ያ ነው። በዝቅተኛ ኮርቻ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ያመዋል።

መለዋወጫ የሚገዙት እዚያው አዳማ ነው። በየከተማው ጎሚስታ አይጠፋም፤ ነገር ግን የእርስዎን ብስክሌት ልክ የሚሆን ካላማዳሪ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ካላማዳሪ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ ጎማ መፈልቀቂያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የብሎን ቁልፍ ይዘው ይውጡ። ጎማ ፈትቶ መለጠፍን ቤትዎ ደጃፍ ላይ ተለማምደው ይሂዱ።

በተለይ የግራር እሾህን አይርሱ። የሸለቆው ጥላ ግራር ነው፤ የጎማ ጠላቱም ያው ግራር ነው። ለማረፍ ከመንገድ ሲወጡ ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ዛፉ ሥር አይግቡ። በትከሻዎ ተሸክመው ይግቡ፤ ወይም አስፋልቱ ዳር አቁመው እርስዎ ብቻ ይጠለሉ። ተመልሰው ሲነሡ ሁለቱንም ጎማዎች እያሽከረከሩ በዓይንዎ ይፈትሹ። ገና ያልዘለቀ እሾህ ካገኙ በፒንሳ ይንቀሉት።

3. ጓዝዎን ይቀንሱ

ጓዙ ጀርባዎ ላይ ሳይሆን ፖርቶ መጋላው ላይ ይታሰር። ጀርባ ላይ የታዘለ ቦርሳ ላብ ያበዛል፤ ትከሻም ያደክማል። ለሦስት ቀን የሚከተለው ይበቃል፦

ሁለት ቅያሬ ልብስ፣ ለማለዳ ብርድ የሚሆን ስስ ጃኬት፣ ሄልሜት፣ የፀሐይ መነጽር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የቁስል ማሰሪያ፣ ሳሙና፣ መታወቂያ፣ የስልክ ባትሪ መሙያና ዝርዝር ብር።

ለስንቅ ከእኛ ቤት የሚሻል የለም። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውሃና በስኳር ተበጥብጦ ወዲያው ጉልበት ይሆናል። ጩኮ ካገኙ ይያዙ፤ ገብሱና ቅቤው ለረጅም ሰዓት ይበቃል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ደግሞ በየመሐሉ ይቀመሳሉ። ሳይርብዎ ይብሉ።

ውሃ ቢያንስ ሦስት ሊትር ይዘው ይነሡ፤ ባገኙበት ከተማም ይሙሉ። ሳይጠማዎት በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጠጡ።

4. መጀመሪያ በወንጂ ይለማመዱ

ረጅሙን ጉዞ ከመሞከርዎ በፊት ጓዝዎን ጭነው ከአዳማ ወደ ወንጂ ደርሰው ይመለሱ። መንገዱ አጭር ነው፤ ከአዳማ ወደ አዋሽ ሜዳ ወርዶ በሸንኮራ እርሻው መሐል ይገባል።

በወንጂ ስኳር መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ፋብሪካውን ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። እርሻውን ለማጠጣት መሬቱ በቦዮች ተከፋፍሏል። ቀጥ ያሉት የእርሻ መንገዶችም ለብስክሌት የተሠሩ ያህል ሜዳ ናቸው። ነገር ግን የእርሻው ይዞታ የድርጅቱ ነውና ከዋናው መንገድ ወጥተው ሲገቡ ጥበቃዎችን ያስፈቅዱ። አገዳ የጫነ ተሽከርካሪ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ለሙሉ ይልቀቁለት፤ የተጫነው አገዳ ከጎን ወጣ ብሎ ሊመታዎት ይችላል። በቦዮቹ ውሃ አይታጠቡ፤ እግርዎንም አይንከሩ። የቢልሃርዚያ በሽታ በዚህ እርሻ የቆየ ችግር ነው።

ሲመለሱ ያለው ቀስ ያለ አቀበት ጓዝዎ መብዛት አለመብዛቱን ይነግርዎታል። የከበደዎትን ቤት ይተዉት።

5. ቀጥሎ ሶደሬ

ሁለተኛው ልምምድ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚርቀው ሶደሬ ነው። የአሰላን መንገድ ይዘው ወደ አዋሽ መልካሳ ይወርዳሉ፤ የበቆሎና የቦሎቄ ዝርያዎች የሚወጡበትን የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አልፈው ወደ ሶደሬ ይታጠፋሉ። አፈሩ እየተለወጠ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ ሲሄድ ያስተውሉ። ከአዳማ ከፍታ ምን ያህል እንደወረዱ የሚናገረው ይህ ለውጥ ነው።

ሶደሬ ፍል ውሃ ነው። ለደከመ እግር ጥሩ ነው፤ ግን ከመመለስዎ በፊት በፍሉ ውሃ ብዙ አይቆዩ፤ ሰውነት ይፈታል፤ ዳገቱም ይከብዳል። ከግቢው ወደ አዋሽ ዳርቻ ሲወርዱ አዞና ጉማሬ ያለበት ወንዝ መሆኑን አይርሱ፤ ዝንጀሮና ጦጣም ስንቅ ይነጥቃሉ። ሲሄዱ ቁልቁል የነበረው ሲመለሱ አቀበት ስለሆነ አድረው በማግሥቱ በማለዳ ይመለሱ። በዚያው ቀን መመለስ ግድ ከሆነም ፀሐይ ሲበርድ፣ ከ10 ሰዓት በፊት ይነሡ፤ ሳይመሽ አዳማ ይግቡ።

በዚህ መስመር ሳይደክሙ ከተመለሱ ለላንጋኖ ዝግጁ ነዎት።

6. የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዳማ በሞጆና በቆቃ ወደ መቂ

ይህ ከሦስቱ ቀኖች ረጅሙ ነው፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጓዝ የጫነ ጀማሪ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ቀኑን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲል አዳማን ለቀው በአሮጌው መንገድ ወደ ሞጆ ይውጡ። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን ያያሉ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት ተብለው በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ተርባይኖቹ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ስለማይጠፋ ነው፤ ለእርስዎም ማስጠንቀቂያ ይሁንዎት። በበጋ ነፋሱ በብዛት የሚመጣው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ወደ ሞጆ ሲሄዱ ከኋላ ይገፋዎታል፤ በዚያው መንገድ ወደ አዳማ የሚመለስ ሰው ግን በፊቱ ይቀበለዋል። ጉዞውን ከአዳማ ጀምረን ላንጋኖ ላይ የምንጨርሰውና በመኪና የምንመለሰውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሞጆ የሙሉ ጉዞዎ አስቸጋሪ ቦታ ናት። ደረቅ ወደቡ እዚያው ስለሆነ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ይተራመሳሉ። ባጃጁ፣ ጋሪውና ሲኖትራኩ አንድ መንገድ ይጋፋሉ። ከተማዋን በዝግታ ይለፉ፤ መስቀለኛው ላይ ከብስክሌት ወርደው እየገፉ ይሻገሩ። ከአዳማ እስከ ሞጆ ያለው የመኪና ብዛት የሚያሳስብዎት ከሆነ ብስክሌትዎን በመኪና ጭነው ከሞጆ ይጀምሩ፤ ቀኑም ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይወርድልዎታል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ከታጠፉ በኋላ መንገዱ ወደ ቆቃ ይወርዳል። የቆቃ ሐይቅ በግራ እጅዎ ይታያል። ሐይቁን የፈጠረው በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ነው፤ ግንባታው ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ገንዘቡም ኢጣሊያ ከከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። ዛሬ ዳርቻው የዓሣ አጥማጅና የአትክልት ገበሬ ነው። ረፋድ ላይ ቆቃ ሲደርሱ ይቁሙ። ትኩስ ዓሣ ይብሉ፤ ጥላ ፈልገው ይረፉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በሸለቆው መንገድ ላይ አይገኙ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያዘነብል በዓለም ጤና በኩል ወደ መቂ ይቀጥሉ። እዚህ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዳርቻው ግን ልልና አሸዋማ ነው። ከአስፋልት ወደ ዳር ሲወጡ ፍጥነት ቀንሰውና መሪውን ቀጥ አድርገው ይሁን፤ በድንገት ከታጠፉ የፊት ጎማው ይሰምጣል። ከብቶችና ግመሎች መንገድ ሲሻገሩ ካጋጠሙዎት ቆመው ያሳልፉ። ከ12 ሰዓት በፊት መቂ ይግቡ።

ሆቴልም ሆነ ፔንሲዮን አልጋ ሲይዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ብስክሌቱን ክፍል ውስጥ ማስገባት ይቻላል?” የሚለው ነው። ገንዘብ የሚከፈለው “ይቻላል” ከተባለ በኋላ ነው።

7. ሁለተኛው ቀን፦ ከመቂ ወደ ባቱ

ይህ ቀን ሆን ተብሎ ያጠረ ነው። ከመቂ እስከ ባቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በማለዳ ከተነሡ ቁርስዎን ባቱ ይበላሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ ወደ ባቱ ሲቀርቡ ፓፓያው፣ የአበባ እርሻውና የወይን ተክሉ ይጨመራል። የአዲስ አበባ ገበያ ከየት እንደሚቀለብ በዓይንዎ የሚያዩት እዚህ ነው። ከመኪና መስኮት ሁሉም አረንጓዴ መስመር ሆኖ ያልፋል፤ በብስክሌት ግን ገበሬው ቀና ብሎ ሰላም ይልዎታል፤ ቆመው የሽንኩርቱን ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ውሃውን ከየት እንደሳበው ያሳይዎታል።

ባቱ፣ ብዙ ሰው ዛሬም ዝዋይ የሚላት ከተማ፣ በሐይቁ ዳር ናት። ብስክሌቱን ክፍል ውስጥ ቆልፈው ወደ ጀልባ መነሻው ይውረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎች ለተጣለው ሲሻሙ ያያሉ። ሐይቁ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በላዩም የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወጥታ የተጠለለችው እዚህ ነው። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝቦች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ በደንገል ታንኳም ይቀዝፉ ኖረዋል።

ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ ከጀልባ ባለቤቶች ጋር ዋጋውን፣ የመመለሻውን ሰዓትና ስንት ደሴት እንደሚያዩ ሳይሳፈሩ ይስማሙ። የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም በዓይንዎ ይዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ጠዋት ሄደው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይመለሱ። ጉማሬ ወደሚታይበት ዳርቻ ጀልባው በጣም እንዲጠጋ አያስገድዱ። በዝዋይ ሐይቅ አይዋኙ፤ እዚህም ቢልሃርዚያ አለ።

8. ሦስተኛው ቀን፦ ከባቱ ወደ ላንጋኖ

ከባቱ ተነሥተው በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ በኩል ወደ ላንጋኖ መታጠፊያዎች 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጓዛሉ። ከተማ የሚሳሳበት መስመር ስለሆነ ውሃዎን ባቱ ላይ ሞልተው ይውጡ።

ቡልቡላ ከተማ ስሟን የምትጋራው ወንዝ ከዝዋይ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ የሚፈስ ነው። የዚህን ውሃ ታሪክ መንገደኛው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚኖረው በሚገባለት ውሃ ብቻ ነው። ከላይ ለመስኖ የሚሳበው ሲበዛ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ፣ ዳርቻው በጣም ሸሸ። ትናንት ያዩት የመቂና የባቱ ልምላሜና ዛሬ በቀኝዎ የሚያዩት ነጭ የሐይቅ ወለል አንድ ውሃ ናቸው። ሁለቱን በተከታታይ ቀናት በራሱ ጉልበት ያለፈ ሰው ነገሩን በመጽሐፍ ካነበበ ሰው ይልቅ ይረዳዋል። የአብያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ለመግባት ከፈለጉ በሩ ላይ ከፍለውና አስጎብኚ ይዘው ይግቡ። ብስክሌቱን ግን በር ላይ ይተዉት፤ ውስጡ አሸዋና እሾህ ነው።

ላንጋኖ በግራ በኩል ነው። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚወስዱት መታጠፊያዎች ኮረኮንች ናቸው፤ ጎማዎን ትንሽ አስተንፍሰው በዝግታ ይውረዱ። ከአቶ በቀለ ሞላ ሆቴሎች ዘመን ጀምሮ ላንጋኖ የአዲስ አበባ ሰው ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም በዳርቻው ብዙ ሎጆች ስላሉ ቀድመው ደውለው ቦታ ይያዙ፤ ድንኳን መትከል ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ፤ ዋጋው ይቀንሳል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ቀለሙ ግን አያስፈራዎት። በዚህ መስመር ከሚያልፏቸው ሐይቆች ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የሚታወቀውና የሚዋኙበት ይህ ነው። ሦስት ቀን የለፋ ጡንቻ እዚህ ይፍታታ።

ጉልበት የተረፈው ሰው በማግሥቱ በአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም 25 ኪሎ ሜትር ቀጥሎ ሐዋሳ መግባት ይችላል። ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ግን እውነተኛ አቀበት አለ፤ ለዚህ ከንጋት ጀምሮ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ።

9. በመንገድ ላይ የሚጠብቁት ሕግ

በቀኝ ይንዱ። ከጓደኛ ጋር ሲሆኑ ጎን ለጎን ሳይሆን በሰልፍ ይሂዱ፤ በመሐላችሁም አንድ መኪና የሚገባበት ርቀት ይኑር። ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብለው ይንዱ፤ ጠርዙ ላይ ከተለጠፉ አሽከርካሪው ቦታ አለኝ ብሎ ተጠግቶ ያልፋል። ከኋላ ከባድ መኪና ከፊት ደግሞ ሌላ እየመጣ ከሆነ አይከራከሩ፤ ወጥተው ይቁሙ። በጆሮዎ ሙዚቃ አያድርጉ፤ ከኋላ የሚመጣውን የሚያዩት በጆሮዎ ነው።

ሰላምታ ከሄልሜት ያላነሰ ይጠብቃል። ሽማግሌ ሲያገኙ ፍጥነትዎን ቀንሰው “አካም ጅርቱ” ይበሉ፤ ውሃ ሲሰጡዎት “ገለቶማ” ይበሉ። ልጆች እየሮጡ ይከተሉዎታል። ከረሜላና ሳንቲም አይበትኑ፤ ልጆቹን ወደ አስፋልት ያወጣቸዋል። ይልቅ ቆመው ስማቸውን ይጠይቁ፤ ስለ ትምህርታቸው ያውጉ። ውሻ ከተከተለዎት ከብስክሌቱ ወርደው በመሐል ያድርጉትና ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ሰው ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ግድብ፣ ድልድይና የጥበቃ ኬላ ጭራሽ አያንሱ።

10. ጤናዎን ይጠብቁ

የሸለቆው ምርጥ ወራት የወባም ወራት ናቸው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ትንኟ ትበዛለች፤ በተለይ ደጋ ያደገ ሰው የመከላከል አቅም የለውም። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። ከምሽት ጀምሮ እጅጌና ሱሪዎ ረጅም ይሁን፤ በአጎበር ውስጥ ይተኙ። ወባ ከንክሻው በኋላ ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊነሣ ስለሚችል፣ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎት ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። በዚያው ቀን ደምዎን ይመርመሩ፤ የት እንደነበሩም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሙቀት ሰውን የሚጥለው ቀስ ብሎ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእግር ቁርጠት ሲጀምርዎት ወዲያው ወርደው ጥላ ይያዙ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በዝግታ ይጠጡ። ላብዎ ቆሞ ሰውነትዎ ከጋለ ወይም ንግግርዎ ከተምታታ ጉዞው እዚያ አብቅቷል፤ ጓደኛዎ በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስዎት። ብቻዎን እንዳይሄዱ የምለምንዎትም ለዚህ ነው።

በብዙ የሸለቆው ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ይበልጣል። ለጥቂት ቀን የሚጠጣ መንገደኛን አይጎዳም፤ የታሸገ ወይም የታከመ ውሃ ካገኙ ግን ያንን ይምረጡ። በወንጂና በዙሪያው ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎች ሲያዩም ምክንያቱ ከልጅነት ጀምሮ የጠጡት ውሃ መሆኑን ይወቁ።

11. መመለስ

ከላንጋኖ ወይም ከሻሸመኔ ወደ ሞጆና አዳማ የሚሄድ መኪና አይጠፋም። ለብስክሌት የሚመቸው ላዩ ላይ ፖርቶ መጋላ ያለው ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። ከረዳቱ ጋር የብስክሌቱን ዋጋ ሳይጭኑ ይስማሙ። የፊት እግሩን ፈትተው ከአካሉ ጋር ይሰሩ፤ ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ በገመድ ይታሰር፤ ከሌላው ጭነት ሁሉ በላይ መቀመጡንም ቆመው ያረጋግጡ። ዕቃ በተራገፈ ቁጥር ወርደው ይዩት።

ቤት ሲገቡ ብስክሌቱን አጥበው ሰንሰለቱን ዘይት ይቀቡ፤ ከጎማው ላይ የቀረ እሾህም ይልቀሙ። ከዚያ ይህን መንገድ ለሌላ ሰው ያሳዩ። አሮጌው መንገድ የብስክሌተኛ መንገድ ሆኖ የሚጸናው ሰው ሲሄድበት ነው። በየሳምንቱ ብስክሌተኛ የሚያይ ሾፌር ርቀት መጠበቅ ይለምዳል፤ ብስክሌተኛ የሚያድርበት ፔንሲዮን የብስክሌት ቦታ ያዘጋጃል፤ ተጠቃሚ ያለው መንገድ ዳሩ እንዲጠረግና ምልክት እንዲተከልለት የሚጠይቅ ባለቤት ያገኛል። በእንግሊዝ አገርም ማኅበሩ ቀድሞ ምልክቱ ተከተለ። እርስዎ በመጪው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አንድ ጓደኛ ይዘው በወንጂ ይጀምሩ።